«ሠራሁ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

ባለፈው ክረምት መካነ ሰላም ውስጥ ብየዳ ቤት ያለው አንድ ወጣት የሥራ ልምዱን በእንግሊዝኛ ጽፎ እንዳይለት አመጣ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «አይ ክሪኤትድ ኤ ትሬሸር» ይላል፤ የእህል መውቂያ ማሽን ፈጠርኩ ማለቱ ነው። ጠጋ ብዬ ስጠይቀው ማሽኑ ከደሴ ተገዝቶ የመጣ ነው። እሱ ወንፊቱን ለጤፍ እንዲሆን አጥብቦታል። የተበየደውን እግሩን ደግሞ በቡሎን የሚፈታ አድርጎታል፤ መኪና ወደማይደርስበት ቆላ ቀበሌ ሰዎች ከፋፍለው ተሸክመው እንዲያወርዱት ነው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ቃሉ ግን ሥራውን ደበቀበት። የሚያነበው ሰው መውቂያ ማሽን ድሮም እንዳለ ስለሚያውቅ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ በጥርጣሬ ያየዋል።

ጥፋቱ የመጣው ከአማርኛችን ስፋት ነው። «ፈጠረ» ለእግዜርም፣ ለሥራ ዕድልም፣ ለማሽንም ይሆናል። «ሠራ» ደግሞ ቤት ይሠራል፣ ወጥ ይሠራል፣ ሸክላ ይሠራል። እንግሊዝኛ እነዚህን ለያይቶ ነው የሚጠራቸው። ስለዚህ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በአማርኛ ይመልሱ።

1. ነገሩ ከእኔ በፊት ነበር?

በዓለም ላይ ያልነበረ መሣሪያ ወይም ዘዴ ካወጡ «ኢንቬንት» ነው። የነበረውን ግን ያልታወቀውን ካገኙ «ዲስከቨር» ነው። ድንቅነሽ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ ስትገኝ ማንም አልፈጠራትም፤ አፈር ውስጥ ነበረች። የነበረውን ከለወጡ «ሞዲፋይ»፣ ለአካባቢዎ እንዲስማማ ካደረጉት «አዳፕት» ይበሉ። «ክሪኤት» ለሥራ ዕድል፣ ለሥዕል፣ ለኮምፒውተር ፋይል ይስማማል፤ ለማሽን ግን ምን እንዳደረጉ አይናገርም።

ለቅርብ ምሳሌ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑን ብሔራዊ ፓርክ ይውሰዱ። የደንቆሮ ጫካ፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ፓርክ ከመባሉ በፊትም ነበሩ። ስለዚህ ፓርኩ «ኢስታብሊሽድ» ይባላል፤ ጫካው ግን «ክሪኤትድ» አይባልም።

አዲስ ነገር በማውጣትና የነበረውን በመለወጥ መካከል ያለው ልዩነት በሕግም ፊት ዋጋ አለው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፈጠራን፣ አነስተኛ ፈጠራንና የኢንዱስትሪ ንድፍን ለየብቻ ያያል። ለፈጠራ ፓተንት ለማግኘት ነገሩ በመላው ዓለም አዲስ መሆን አለበት። ለአነስተኛ ፈጠራ ግን የሚታየው በኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ መሆኑ ነው። እንደ ብየዳ ባለሙያው ያለ ሰው በትልቁ በር ገብቶ ከሚመለስ ትንሹን በር ቢያንኳኳ ይሻለዋል፤ ማመልከቻው ላይ የሚጽፈው ግስም ከዚያ በር ጋር መግጠም አለበት።

«ኢኖቬት» የሚለውን ብዙ ሰው ይወደዋል። አጠቃቀሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተሳቢ አይፈልግም፤ «ኢኖቬትድ ኤ ማሽን» ጆሮ ይቆረቁራል። ካስፈለገዎ ስሙን፣ «ኢኖቬሽን»ን፣ ይጠቀሙ።

2. እጄ ምን ላይ አረፈ?

ንድፉን ብቻ ያወጣ «ዲዛይንድ» ይላል። ቤት፣ ድልድይ ወይም አጥር ያቆመ «ቢልት» ይላል። ፋብሪካ ውስጥ በብዛት የሚወጣ ዕቃ «ማኑፋክቸርድ» ነው። እዚህ ላይ «አመረተ» ያሳስታል፤ ገብስም ሲሚንቶም እናመርታለንና። ገብስና ባቄላ «ግሮው» ወይም «ፕሮዲውስ» እንጂ «ማኑፋክቸር» አይደረጉም።

የእጅ ሙያ የየራሱ ግስ አለው፤ እሱን ማወቅ ባለሙያነትን ያሳያል። ሱፍ የሚፈትል «ስፒን»፣ ባና የሚሸምን «ዊቭ»፣ ጠላ የሚጠምቅ «ብሩው»፣ አረቄ የሚያወጣ «ዲስቲል»፣ ዳቦ የሚጋግር «ቤክ»። የሽመና ማኅበር ማመልከቻ ላይ «ሜክ» ብቻ ከሚደጋገም እነዚህ ቢገቡ አንባቢው ሥራውን በዓይኑ ያየዋል።

ብረት ሠራተኞች ሁለት ቃላትን ልብ ይበሉ። «ፎርጅ» ብረት በእሳት አግሎ መቀጥቀጥ ነው፤ «ፋብሪኬት» ብረት ቆርጦና በይዶ ዕቃ ማውጣት ነው። ሁለቱም የሙያው ትክክለኛ ቃላት ናቸው። ከወረቀት ጋር ሲሆኑ ግን ይገለበጣሉ፦ «ፎርጅድ ዶክመንት» ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ «ፋብሪኬትድ ሪፖርት» ደግሞ በልብ ወለድ የተሞላ ሪፖርት። በር «ፋብሪኬት» ያድርጉ፤ ሪፖርት ግን «ፕሪፔር» ወይም «ራይት» ነው።

3. ሠራሁ ወይስ አሠራሁ?

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው፤ ከሦስቱ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አማርኛ በአንዲት «አ» ባለቤቱን ከሠራተኛው ይለያል፦ ሠራ፣ አሠራ። እንግሊዝኛ ይህቺ «አ» የለችውም። ስለዚህ «አሠራሁ» ለማለት ያሰበ ሰው «አይ ቢልት» ብሎ ይጽፍና የግንበኛውን ድካም ለራሱ ይወስዳል፤ ሳያስበው።

ሴባስቶፖልን ይዩ። 7 ቶን ይመዝናል የሚባለውን መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አቅልጠው በቅርጽ ያፈሰሱት የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለሙያዎችና አብረዋቸው የደከሙ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ አሠሩ። እንግሊዝኛው «ቴዎድሮስ ሃድ ዘ ሞርታር ካስት አት ጋፋት» ይሆናል። አሠራሩ ይህ ነው፦ «ሃድ»፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ ከዚያ የግሱ ሦስተኛ መልክ። መድፉን ወደ መቅደላ ለመጎተት የተቀደደው መንገድ ግን ሌላ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሱ እንደሠሩ ይነገራል። እዚያ ላይ «ሄልፕድ ቢልድ» ማለት እውነት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዘመቻ፣ ሁለት ግስ።

የማኅበር ሊቀ መንበር ወይም የቀበሌ ኃላፊ ከሆኑ «ሃድ ዘ ፌንስ ቢልት» ወይም «ሱፐርቫይዝድ ዘ ኮንስትራክሽን» ይበሉ። ማሠራትም ራሱን የቻለ ሙያ ስለሆነ ክብር አይቀንስም።

ስለ ኃላፊ ጊዜ በአጭሩ፦ «ካስት» አይለወጥም። «ቢልድ» «ቢልት»፣ «ዊቭ» «ዎቭ» ይሆናል። «ፋይንድ»፣ አገኘ፣ በኃላፊ ጊዜ «ፋውንድ» ነው። «ፋውንድ»፣ መሠረተ፣ ደግሞ «ፋውንድድ» ይሆናል። ማኅበር የመሠረተ ሰው መጨረሻዋን ፊደል ከዘነጋት ማኅበሩን መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘው ይመስላል።

ጽፈው ሲጨርሱ ግሶቹን ብቻ ያስምሩና ከእያንዳንዱ በላይ የአማርኛውን ትርጉም በእርሳስ ያስፍሩ። ሥራውን አብሮዎት ለሠራ ሰው አማርኛውን ያንብቡለት። «እንዲህ አላደረግንም» ካለ ግሱን ይቀይሩ። ብየዳ ባለሙያው ከረዳቱ ጋር ተቀምጦ እንዲሁ አደረገ። አሁን የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገሩ «አይ ሞዲፋይድ ኤ ትሬሸር ፎር ጤፍ ኤንድ ሪቢልት ኢትስ ፍሬም» ይላል፤ ቀጥሎም የወንፊቱን ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር ጽፎበታል።