የባልንጀራሽን ቃል አድምጪ

ሆዴ፣ በትምህርት ቤታችሁ የቲያትር ክበብ የእናቲቱን ገጸ ባሕርይ እንደሰጡሽ ሰማሁ። እጅግ ደስ ብሎኛል። ቃለ ተውኔትሽን ገና ከአሁኑ በቃልሽ ይዘሽ ጨርሰሻል አሉ። ያሳሰበኝ ግን የያዝሽው የራስሽን ብቻ መሆኑ ነው።

አማተር ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። የራሱን ንግግር በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርና የቀረውን ገጽ ይዘለዋል። መድረክ ላይ ሲወጣ ጓደኛው እየተናገረ እሱ ተራውን ይጠብቃል፤ ዓይኑ ያያል፣ ጆሮው የለም። ተመልካች ደግሞ ይህን ወዲያው ይለየዋል። የእኛው የመካነ ሰላም ገበያ ውሎ የሚገባ ሰው ከልቡ የሚሰማውንና የሚያስመስለውን ለይቶ የኖረ ነው።

ስለዚህ ድርሰቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንቺ የሌለሽበትን ትዕይንት ጭምር፣ ድምፅ አውጥተሽ አንብቢው። ቃልሽን ወደ ደብተር ስትገለብጪ ከእያንዳንዱ ንግግርሽ በላይ ያንን ንግግር ያመጣብሽን የሌላውን ሰው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ጻፊ። እያደር «ቀጥዬ ምን ነበር የምለው?» የሚለው ጭንቀት ይተውሽና «ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም እላለሁ?» ትያለሽ። ባልደረባሽ አንድ ቀን ከጥናቱ ለየት ብሎ፣ ቀስ አድርጎ ወይም ተቆጥቶ ከተናገረሽ፣ የመልስሽም ቃና ይለወጥ። ቃሉ የደራሲው ነው፤ ቃናው ግን የሁለታችሁ ነው። ሰው ሲስቅም አትሽቀዳደሚ፤ ሳቁ መውረድ ሲጀምር ተናገሪ።

ማይክራፎን ቢኖርም አትመኪበት፣ መብራት ይጠፋል። የምታሳዩትም ሜዳ ላይ ከሆነ የደጋው ንፋስ ድምፅ ይወስዳል። ትንፋሽሽን ከሆድሽ አውጪ፤ ከሁሉ በላይ የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ አትዋጪ። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱ ከተዋጠ ማን ምን እንዳደረገ ኋላ የተቀመጠው ሰው አይሰማም።

እናቲቱን ስትጫወቺ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ካየሻት እናት አትቅጂ። በወሎው ቦረናም ሆነ በሳይንት ስንት እናት አለ! ቡናው ሲቀርብ የሚደረገውን ምርቃት፣ ዱዓ ላይ እጅ እንዴት እንደሚዘረጋና «አሚን» እንዴት ተቀባብሎ እንደሚመጣ፣ ለቅሶ ቤት የገባች ሴት ከመቀመጧ በፊት ዓይኗ የት እንደሚያርፍ ተመልከቺ። መንዙማ ሲወርድ መሪው ብቻውን አያዜምም፤ ተቀባዩ አለ። አዝማሪም «ተቀበል!» ሲባል ግጥሙን ከታዳሚው አፍ ነጥቆ በማሲንቆው ይመልሳል። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው መቀበልን ከሕፃንነቱ ያውቃል። መድረክ ላይ ሲወጣ ይህን እውቀቱን ትቶ የከተማ አነጋገር ለመኮረጅ ሲንገታገት ማየት ያሳዝነኛል።

ድርሰታችሁ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ነው አሉኝ። ልጇን የምትድር እናት ነሽ ማለት ነው። እባክሽ ክፉ አታድርጊያት። መልእክት ለማስተላለፍ የሚጻፉ አጫጭር ድራማዎች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋተኛው ከመጀመሪያው ቃሉ ጀምሮ ስለሚያስጠላ ማንም «እኔ ነኝ» አይልም። እናቲቱ ልጇን ትወዳለች፣ ትፈራላታለች፣ የሰው አፍ ያስጨንቃታል። ይህን ካሳየሽ ከተመልካቹ መሐል የተቀመጠች አንዲት እናት ራሷን ታያለች። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፍ ጠለፋን የሚያህል ከባድ ነገር በኮሜዲ ነው ያቀረበው። የእሱኑ «ያላቻ ጋብቻ»ንም ፈልጊና አንብቢ፤ ሰውን እያሳቁ ማሳሰብ እንዴት እንደሚቻል ከሁለቱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

አክስታችን «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብላሻለች አሉ። አትቆጪ፣ ነገሩ የቆየ ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት፣ «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በእንስሳት ታሪክ አስመስለው የዘመኑን ሹማምንት ስለነኩበት ታገደ። ኋላ ቲያትር ቤት የሆነው የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ጠላት በደጅ ነበር፤ ሕዝቡ ለአገሩ እንዲነሣ በአደባባይ ይሰብክ ነበር። ያኔ ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ስለነበረ የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ለብሰው ይጫወቱ ነበር። እነ አስናቀች ወርቁ ስድቡን ችለው ነው አንቺ የምትቆሚበትን ቦታ ያስለቀቁት። አስናቀች ተዋናይም የክራር ንግሥትም ነበረች። ለአክስታችን ይህን በትህትና ንገሪያት፤ ከዚያም ትርኢቱ ላይ ጋብዣትና ከፊት አስቀምጫት።

አንድ ነገር ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። ጥናት የት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ እናታችን ትወቅ። ሳይመሽ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ሆነሽ ግቢ። አዘጋጁ ማንም ይሁን ማን «አንቺን ለብቻሽ ላሠልጥንሽ» ካለሽ «ሁላችንም ባለንበት ይሁን» በይው። ከተከፋ ይከፋ። ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብለሽ የምትሸሽጊው ነገር ሊኖር አይገባም፤ ካስፈራሽ ለእኔ ወዲያው ደውዪ።

ቲያትር ወዳድ መሆንም ሥራ አለው። የደሴው ወሎ ባህል አምባ አንድ ነገር እያሳየ ከሆነና አጎታችን ዘንድ ከሄድሽ ሳታዪ አትመለሺ። አዲስ አበባ ስትመጪ እኔው እወስድሻለሁ፤ ፒያሳ ሀገር ፍቅር ቲያትር አለ፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቲያትር አለ። እዚያ እያንዳንዱ ተውኔት የራሱ ቀን አለው፣ ከተወደደም ዓመት አልፎ ይታያል። ስለዚህ አንዱን ቲያትር ሁለቴ ማየት ትችያለሽ። በመጀመሪያው ታሪኩን ተከተዪ። በሁለተኛው የሚናገረውን ተዪና የሚሰማውን ተዋናይ ብቻ እዪ፤ እጁን የት ያደርጋል? መቼ ይተነፍሳል? ሊመልስ ሲል ምን ከለከለው? ከዚህ የምትማሪውን እኔ በቃል ላስረዳሽ አልችልም።

አዲስ አበባ እስክትመጪ ደግሞ ለክበባችሁ የሚሆን ሐሳብ አለኝ። የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የሚል ተውኔት አላቸው፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጽፏል። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የወደቁባት መቅደላ አምባ በእኛው በደቡብ ወሎ ናት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሙሉውን አሳዩ አልልሽም። አንዱን ትዕይንት መርጣችሁ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡና አንብቡት። ወንዶቹ ሁሉ ፉከራውን ለማግኘት ይሻማሉ። አንቺ ንጉሡ ፊት ቆሞ ብዙ የማይናገረውን ሰው ምረጪ።