የሚፈውሰው እጅ ባልንጀራውን አይጉዳ



ኦፕራሲዮን ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የማደንዘዣው ጋዝ፥ የሚጣለው ፕላስቲክና የማቃጠያው ጢስ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጢሱ በሆስፒታሉ አጥር ሥር የሚኖሩትን ቤተ ሰቦች ያገኛቸዋል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን።

1ኛ/ ጋዙ። በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ አብዛኛው ሳይለወጥ ከበሽተኛው ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል። ዴስፍሉሬን የተባለው በ100 ዓመት ስሌት እኩል ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,500 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሕዝብ ሆስፒታሎቿ አስወጣችው። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ፥ በሕክምና ምክንያት ሌላ ማደንዘዣ መጠቀም ካልተቻለ በቀር፥ ከልክሎታል። በሽተኞቹ ግን ያለ ማደንዘዣ አልቀሩም፤ ሌላ ጋዝ፥ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ወይም በጀርባ የሚወጋ ማደንዘዣ አለ።

2ኛ/ ጨርቁ። በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች የኦፕራሲዮን ጋውንና መሸፈኛ ጨርቅ ታጥቦ፥ በአውቶክሌቭ እንፋሎት ከጀርም ነጽቶ፥ ደግሞ ያገለግላል። ይህን እንደ ድህነት ምልክት አንቍጠረው። ባለጠጎቹ አገሮች ያሉ አንዳንድ ሆስፒታሎች የሚጣለውን ትተው ወደዚህ እየተመለሱ ናቸው። አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚጣል ጋውን በካርቶን ሲላክልን ደስ ይለናል፤ ካርቶኑ ሲያልቅ ግን የሚቀረን ቆሻሻው ነው። ከዚያ ይልቅ የልብስ ማጠቢያ ወይም የአውቶክሌቭ መለዋወጫ ብንለምን ለብዙ ዓመት ይጠቅመናል። ሆኖም ቁጠባ ብለን የበሽተኛውን ደኅንነት አንነካም፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል የተሠራ መርፌ ፈጽሞ አይደገምም።

3ኛ/ ቆሻሻው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከሕክምና ሥራ ከሚወጣው ቆሻሻ 85 ከመቶ ያህሉ እንደ ማንኛውም የቤት ቆሻሻ ነው፤ አደገኛው 15 ከመቶ ያህል ነው። ሁሉ በአንድ ባልዲ ሲጣል ግን ሁሉም አደገኛ ይሆናል፥ ሁሉም ይቃጠላል። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በቂ ሙቀት በሌለው ማቃጠያ ሲነድ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል። ስለዚህ መርፌና ምላጭ በጠንካራ ሣጥን፥ ደም የነካው ለብቻ፥ ወረቀትና ካርቶን ለብቻ ይሁን። መለየት ያለበትም እዚያው ሲጣል ነው፤ በኋላ በእጅ መለየት የጽዳት ሠራተኛዋን ለአደጋ ያጋልጣል።

ለመወያያ፦
1. ከክሊኒካችን የሚወጣው ጢስ ወደ ማን ቤት ይሄዳል?
2. ባለፈው ዓመት ከተቀበልነው ርዳታ ዛሬም የሚያገለግለን የትኛው ነው? ቆሻሻ ብቻ የተወልንስ?
3. በዚህ ወር ሳንዘገይ ልንጀምር የምንችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?