አናቶሚ ለሚያጠኑ የቲም ልጆቻችን



ውድ አንባብያን! በእናንተ ሰደቃ ተምረው ጤና ኮሌጅ የሚገቡ የቲሞችን ከሚፈትኗቸው ትምህርቶች አንዱ አናቶሚ ነው። የአዋቂ ሰው አጥንት ብቻ 206 ነው። ብዙዎች ገጹን ደጋግመው ያነባሉ፤ ዓይናቸው ስለለመደው ያወቁት ይመስላቸዋል፤ በፈተና ላይ ግን ስሙ ይጠፋባቸዋል።

መፍትሔው መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መጠየቅ ነው። እጅን እንመልከት፦ አንጓው 8፣ መዳፉ 5፣ ጣቶቹ 14፣ በድምሩ 27 አጥንቶች አሉት። ተማሪው በቡድን ከፍሎ ያጥናቸው፤ ከዚያም ሳያይ ይሣላቸው፤ የራሱን እጅ እየዳሰሰ ስማቸውን ይጥራ፤ በመጨረሻም መጽሐፉን ገልጦ የሳተውን ያርም። ይህንኑ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና በሳምንቱ ይድገመው። ቁርኣን የሐፈዘ ልጅ መንገዱን ያውቀዋል፤ ሙራጀዓ የሌለው ሒፍዝ አይጸናም።

አሳዳጊዎች ሆይ! ትምህርቱን ባታውቁትም ደብተሩን ይዛችሁ «ይህ አጥንት ምን ይባላል?» ብላችሁ መጠየቅ አያቅታችሁም። የቲም ልጅ ከትምህርት ወጪው ባሻገር «ዛሬ ምን አጠናህ?» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ዕውቀታቸውን ጠቃሚ፣ ሰደቃችሁንም ተቀባይነት ያለው ያድርግልን። አሚን።