የሕፃን ችፌ፦ ከጓዳ የሚጠቅመውና የሚጎዳው



ልጃችሁ አራት ወር ሞልቶታል እንበል። ጡት በሚገባ ይጠባል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ነገር ግን ሁለቱ ጉንጮቹ ሻክረዋል፤ አንዳንድ ቀንም ውኃ ያዣሉ። ሌሊት ፊቱን በእናቱ ደረት ላይ እያሻሸ ሲነጫነጭ ያድራል፤ በቤቱ ውስጥ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው የለም። ሲነጋ ደግሞ ምክር ይጎርፋል። አያት ለጋ ቅቤ ይቀባ ይላሉ። ጎረቤት ፌጦ ተወቅጦ ይለጠፍበት ትላለች። አባት የሥራ ባልደረባው የነገረውን ቅባት ከመድኃኒት መደብር ገዝቶ ይገባል። ሁሉም ለሕፃኑ አስበው ነው። ይሁን እንጂ ከሚባለው ውስጥ የሚጠቅም አለ፣ የማይጠቅም አለ፣ ክፉኛ የሚያቃጥልም አለ።

ችፌ ምንድን ነው?

ችፌ በሕክምና አጠራሩ ኤክዜማ ይባላል። በአብዛኛው ሕፃኑ አንድ ዓመት ሳይሞላው ይጀምርና በጉንጭ፣ በግንባር፣ በራስ ቅል፣ እንዲሁም በክንድና በእግር የውጪ ገጽ ላይ ይወጣል። ዳይፐር ወይም የሽንት ጨርቅ የሚሸፍነው ቦታ ብዙውን ጊዜ አይነካም። መጽሐፍት ላይ «ቆዳው ይቀላል» ተብሎ ይጻፋል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ሁልጊዜ አይታይም። ጠቆር ወይም አመድማ ብሎ፣ በጥቃቅን እብጠቶች ተሞልቶ፣ ሲዳሰስም እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ሊሆን ይችላል።

የጤነኛ ሰው ቆዳ በደንብ እንደተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ነው። ችፌ ያለበት ሕፃን ቆዳ ግን ልስኑ የሳሳ ነው፤ ከውስጥ እርጥበቱ ይወጣል፣ ከውጪ ደግሞ ሳሙናው፣ አቧራውና ጀርሙ ይገባል። ይህ ጠባይ ብዙ ጊዜ በዘር የሚወረስ ሲሆን አስም ወይም በአቧራ የሚቀሰቀስ ማስነጠስ ባለባቸው ቤተሰቦች ዘንድ ይበዛል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። አብዛኞቹ ልጆችም እያደጉ ሲሄዱ ይሻላቸዋል።

እንግዲህ ችፌ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ብዙ እናቶች «አላጠብኩት ይሆናል» ብለው ሕፃኑን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በሳሙና ሲፈትጉት በሽታው ይብስበታል። ወደ ክሊኒክ የሚመጡ ባለትዳሮች ሊያነሡት የሚችሉት ሌላም ጥርጣሬ አለ፦ «የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ስለወሰድኩ በጡቴ በኩል ተላልፎበት ይሆን?» የሚል። ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጡት ፕሮጄስቲን ብቻ ያለባቸው እንክብሎች፣ መርፌና በክንድ የሚቀበረው ዘዴ ለሕፃን ችፌ ምክንያት ናቸው የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። በዚህ ፍርሃት ዘዴያችሁን አታቋርጡ፤ ጡት ማጥባትንም አታቁሙ። እናትም ሐኪም ሳያዛት ወተቱን፣ ዕንቁላሉን፣ ዓሣውን ከማዕዷ ማስወገድ አይገባትም።

መታጠብና መቀባት

የቤት ውስጥ ሕክምና ዋናው ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከታይ ነው።

ሕፃኑን ለብ ባለ ውኃ እጠቡት። ሙቀቱን በክርናችሁ ሞክሩ፤ ሲነካ ሞቀ ካላችሁ ለእርሱ በዝቷል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሳሙና የሚያስፈልግ ከሆነ ሽታ የሌለውንና ለስላሳውን ለብብት፣ ለብሽሽትና ለቂጥ ብቻ ተጠቀሙ። የልብስ ሳሙናና ላርጎ ወደ ገላው አይቅረቡ። በረኪናን ውኃ ውስጥ ጠብ ማድረግ ይጠቅማል ሲባል ሰምታችሁ ከሆነም ያለ ሐኪም መመሪያ በቤት የሚሞከር አይደለም። ከታጠበ በኋላ በፎጣ አትሹት፤ ውኃውን በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁለትና ገላው ገና እርጥብ ሳለ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ሳይሞላ፣ ቅባቱን ቀቡት።

ቅባቱ ሽታና ቀለም የሌለው ተራ ቫዝሊን ቢሆን ይበቃል። ውድ መሆን የለበትም፤ ብዙ መሆን ግን አለበት። እንደ ሽቶ ጠብ አድርጎ ማሸት አይረዳም። በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ሽፍታ የሌለበትንም ቦታ ጨምሮ መላ ገላውን ስትቀቡ በሳምንት ወደ አንድ መቶ ግራም ሊፈጅ ይችላል። ከዕቃው በንጹሕ ማንኪያ ቅዱ፤ በጣት እየተዛቀ ጀርም ይገባበታልና። ቅባቱን ወደ ጸጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች አስኪዱት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቫዝሊን የጠጣ ልብስና አልጋ ልብስ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ቅባት የተቀባ ሕፃን ታቅፋችሁ ከሰል ማንደጃ ዳር አትቀመጡ፣ ሻማም አጠገቡ አታብሩ።

አጃ የተባለውን ምክር ግን አትናቁት። ቅመም፣ ስኳርም ሆነ ወተት ያልገባበትን ንጹሕ አጃ እንደ ዱቄት አልሙት። መድቀቁን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውኃ ላይ ስታደርጉበት ውኃው እንደ ወተት መንጣት አለበት፤ ከታች ከዘቀጠ ይደገም። ከዚያ አንድ እፍኝ ያህል በሕፃኑ ሳፋ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ በትኑና አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት። ማሳከኩን ያስታግሳል። ሆኖም ውኃው ያንሸራትታልና እጃችሁን ለቅጽበት እንኳ ከሕፃኑ ላይ አታንሱ። ከዚያም ያው ቫዝሊኑ ይከተላል። አጃው ሽፍታውን ካባሰው መተው ነው።

ከጓዳ የማይወጣው

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በሕፃን ቆዳ ላይ ሲለጠፉ እንደ እሳት ያቃጥላሉ፤ ውኃ የቋጠረ ቁስል እስከማድረስም ይደርሳሉ። ሎሚና ጨውም የቆሰለ ቆዳ ላይ ሥቃይ እንጂ መድኃኒት አይደሉም። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለአንዳንድ ሰው ራሱ ሽፍታ ያመጣል። «ሲያቃጥል ነው የሚያድነው» የሚባለው አነጋገር ለአዋቂ ይሆን እንደሆነ እንጃ፣ ለአራት ወር ልጅ ግን በፍጹም አይሠራም።

ቅቤን በተመለከተ ከአያቶች ጋር መጣላት አያስፈልግም። ነገር ግን ቅቤም ሆነ የኦቾሎኒ ዘይት ምግብ ነው፤ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል የሚገባ ምግብ ሕፃኑ ኋላ ሲበላው አለርጂ እንዲሆንበት ሊያደርግ እንደሚችል ጥናቶች አመልክተዋል። የወይራ ዘይትም፣ ምንም እንኳ ብዙዎች ቢያምኑበት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ጤነኛ የሆነውን የአዋቂ ቆዳ ልስን እንኳ ሲያሳሳ ታይቷል። «እማማ፣ ለጊዜው በቫዝሊኑ እንሞክርለት» ማለት ይበቃል። ማር ደግሞ ከዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ጉንጩ ላይ የተቀባውን ይልሰዋልና መቀባቱም አይገባም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ አደገኛ መርዝ ይፈጥራል።

ያቺ አባት ገዝቶ የመጣት ቅባትስ? እንደ ቤትኖቬት ያሉ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ወይም ፊት ለማቅላት የሚሸጡ ድብልቆች ከሆኑ ወደ ሕፃኑ ፊት አይቅረቡ። በሁለት ቀን ውስጥ ሽፍታውን ያጠፉታል፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ያለ ቁጥጥር ሲደጋገሙ ቆዳውን ያሳሳሉ፣ በደምም ገብተው ሕፃኑን ሊጎዱ ይችላሉ። በሌላ በኩል፣ ሐኪም መርምሮ ደከም ያለውን ሃይድሮኮርቲዞን ለጥቂት ቀን ቢያዝላችሁ «ስቴሮይድ ነው» ብላችሁ አትፍሩ። በታዘዘው ልክ ተጠቀሙ።

በቤታችሁ ጥቃቅን ነገሮችም ይቆጠራሉ። ሹራብ ስታለብሱት ከሥር ጥጥ ይልበስ። ጥፍሩን አሳጥሩ። የዕጣንና የከሰል ጢስ ካለበት ክፍል አርቁት። ኅዳርና ታኅሣሥ አየሩ ሲደርቅ ቅባቱን ጨምሩ። ክትባቱ በችፌ ምክንያት አይቀርም።

ወደ ጤና ጣቢያ ቶሎ የሚያስኬድ

ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ሕፃኑን እንዳይስም በትሕትና ግን በቁርጥ ከልክሉ፤ የገዛ አባቱም ቢሆን። የምች ቫይረስ በችፌ ቆዳ ላይ ሲያርፍ በፍጥነት ይሰራጫል። ውኃ የቋጠሩ ወይም የተቦረቦሩ የሚመስሉ እኩል እኩል ቁስሎች በአንድ ቦታ ተሰባስበው ካያችሁ፣ በተለይም ትኩሳት ካለው ወይም ዓይኑ አጠገብ ከሆነ፣ ነገ አትበሉ፤ ያኑ ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ውሰዱት። ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ መግል ከያዘ ወይም ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለም እንዲሁ ነው። እናንተም ሌሊት ሌሊት የሚያሳክካችሁ ከሆነ፣ በጣቶቻችሁ መሐል ሽፍታ ካለ፣ ነገሩ ችፌ ሳይሆን እከክ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡ በሙሉ መታየት አለበት።

ሌሊቱን ተከፋፈሉት። እናት የምታጠባበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ የማታውን እጥበትና ቅባት አባት ቢይዘው እርሷ አንድ ሰዓት እንኳ ጋደም ትላለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላያችሁ ሕፃኑን ይዛችሁ ስትመጡ እስካሁን የተቀባውን ሁሉ፣ ባዶ ቱቦውንም ሆነ ከጎረቤት የተገኘውን ብልቃጥ፣ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ማንም አይቆጣችሁም፤ ሐኪሙ ምን እንደነካው ማወቅ አለበት።