ምግብ ጉልበት ይሰጣል፤ መድኃኒትን ግን አይተካም

በዛሬው የትምህርት አምዳችን በፀረ ኤድስ ክበባት ውይይት ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። «የተፈጥሮ ምግብ ኤች.አይ.ቪን ያድናል ወይ?» የሚል ነው። መልሱን አስቀድመን እንንገራችሁ፤ አያድንም። ይሁን እንጂ ጥሩ ምግብ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ላለበት ሰውም ሆነ ለማንኛውም ወጣት ትልቅ ጥቅም አለው። ሁለቱን ነገር ሳናምታታ ተራ በተራ እንመልከት።

የአክስት ጥያቄ

እስቲ አንዲት የኮምቦልቻ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሐሳባችሁ ሳሉ። አብራት የምትኖረው አክስቷ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ይገኛል። መድኃኒቷን በየማታው ሳታዛንፍ ትወስዳለች። አንድ ቀን ቡና ላይ ጎረቤቷ «እህቴ፣ እስከ መቼ ኪኒን ስትውጪ ትኖሪያለሽ? ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰሽ ውሰጂ፤ የተፈጥሮ ነገር ምን ይጎዳል?» ትላታለች። አክስት ልቧ ይከፈላል። ማታ ልጅቷን ጠርታ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እውነት ነው እንዴ?» ብላ ትጠይቃታለች።

ልጅቷ ምን ብትመልስ ጥሩ ነው? ጎረቤቷ ክፉ አስባ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ምክር የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

ኤች.አይ.ቪ የሰውነታችንን የበሽታ መከላከያ ኃይል የሚመሩትን ሲዲ 4 የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ያጠቃል። በሴሎቹ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ይገድላቸዋል። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ቫይረሱ እንዳይራባ ያግደዋል። ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ስለዚህ በየቀኑ መወሰድ አለበት። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና መራባት ይጀምራል። አንዳንዴም መድኃኒቱን ይለማመድና የበፊቱ ኪኒን አልሠራ ይላል።

መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለትና በዚያው የቀጠለ ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህን ሊሠራ የሚችል ምግብ፣ ቅጠል ወይም ሥር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከፍሎ መግዛት የሚችለው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን ምን ያህል እንደተቸገሩ የአካባቢያችን ሰው አይረሳውም። ያኔ መድኃኒት የተቋረጠበት ሰው ወዶ አልነበረም። ዛሬ በእጅ ያለውን መድኃኒት በነጭ ሽንኩርት ለውጡ ሲባል ዝም ማለት አይገባንም።

ከደቡብ አፍሪካ የምንማረው

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ማንቶ ሻባላላ ምሲማንግ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቀይ ሥር ለኤድስ ሕሙማን ይበጃል እያሉ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ቶሮንቶ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ የአገሪቱ ኤግዚቢሽን እነዚህኑ ምግቦች ደርድሮ በመቅረቡ ብዙ ተወቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ መንግሥቱ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት መድኃኒቱን በጊዜው ባለማዳረሱ ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወት እንደጠፋ ገመተ። ሎሚው ማንንም አልገደለም። የገደለው መድኃኒት ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ሎሚ መቀመጡ ነው።

«የተፈጥሮ ነገር ምን ይጎዳል?» ለሚለውም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት የነጭ ሽንኩርት እንክብል ለሦስት ሳምንት የወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥ ሳኩዊናቪር የተባለው የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት መጠን በግማሽ ያህል ወርዶ አግኝቷል። ይህ ማለት ወጥ ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርት ይጎዳል ማለት አይደለም፤ በማዕድ ደረጃ ብሉት። እንደ መድኃኒት በብዛት የሚወሰድ ማንኛውም ነገር ግን ለሐኪም ሳይነገር መወሰድ የለበትም። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ቢሆን ከአንዳንድ የጨጓራ ማስታገሻዎች ጋር በአንድ ሰዓት ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ሌላ ነገር ሲጨመር ፋርማሲ ባለሙያውን መጠየቅ ነው።

ታዲያ ምግብ ምን ይጠቅማል?

ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ሲታገል ጉልበት ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቫይረሱ በደሙ ያለበትና የሕመም ምልክት የማይታይበት አዋቂ ከሌላው ሰው 10 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልገዋል። ሕመም ሲኖር ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። 10 በመቶ ሲባል እንዳትደነግጡ፤ በቀን አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም አንድ እንቁላል ከቁራሽ ዳቦ ጋር እንደ መጨመር ነው።

ደግነቱ አካባቢያችን ለዚህ የተመቸ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ቁልቁል ስትወርዱ ግን ከደጋ ወደ ሞቃቱ አገር ትገባላችሁ። ደጋው ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንችና ጎመን ይሰጣል። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በኩል ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ አለ። ከሐይቅ ደግሞ ዓሣ ይመጣል። በትምህርት ቤት የተማርናቸው ሦስቱ የምግብ ክፍሎች እነሆ፦

1. ኃይል ሰጪ፦ እንጀራ፣ ቂጣ፣ ገንፎ፣ ድንች፣ ዘይት።
2. ሰውነት ገንቢ፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ማሾ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሥጋ።
3. በሽታ ተከላካይ፦ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ።

ሥጋ ተወደደ ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። እንጀራና ሽሮ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ምስር ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ በምስሩ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን በደንብ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ይህን ማዕድን ስለሚያግዱ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ጎመን ከመከተፉ በፊት ይታጠብ፤ ብዙ አይንተክተክ፤ ጥቂት ዘይትም ይግባበት። ዘይቱ ቫይታሚን ኤ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል።

ንጽሕናም አንዱ የምግብ ክፍል ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። የመከላከል ኃይሉ ለደከመ ሰው ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አደገኛ ናቸው። ሥጋው ይብሰል፣ ወተቱም ይፍላ፤ የመጠጥ ውሃም ካጠራጠረ ይፈላ።

ጾምስ?

ወሎ ረመዳንም ዐቢይ ጾምም በአንድ ሰፈር የሚጾምበት አገር ነው። በሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ጾምን የሚያቀል ሥርዓት አለ። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ማስተካከል ይቻላል። የጾመኛውም ገበታ በጥራጥሬና በአትክልት ሊሞላ ይችላል። መድኃኒትን «ከጾም በኋላ እቀጥላለሁ» ብሎ ማቆም ግን ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ልጅቷ እንመለስ

አሁን ለአክስቷ እንዲህ ልትላት ትችላለች። «አክስቴ፣ ማሩንም ጥቁር አዝሙዱንም በልኩ ብትቀምሺ እኔ አልከለክልሽም፤ ስትሄጂ ግን ለሐኪሙ ንገሪው። ኪኒንሽን አንድ ቀን እንኳ እንዳትተዪ። ምስሩን እኔ እሠራልሻለሁ፣ ሎሚም እጨምርበታለሁ።» አብሮ በአንድ ገበታ በመብላት ቫይረሱ እንደማይተላለፍ እናንተም ታውቃላችሁ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችንን ሳናገል በፍቅር አብረን ስንበላ ምግቡም ይጥማል።

በክበባችሁ ተወያዩበት

1. በሰፈራችሁ «ኤች.አይ.ቪን ያድናል» እየተባለ የሚነገር ምግብ ወይም ቅጠል አለ? ለሚናገረው ሰው ሳታስቀይሙ ምን ትሉታላችሁ?
2. ትናንት የበላችሁትን በሦስቱ የምግብ ክፍሎች መድቡ። የትኛው ጎደለ? በገበያችሁ በትንሽ ገንዘብ ምን ሊሞላው ይችላል?
3. መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሲሻለው «ድኛለሁ» ብሎ ቢያቆም ምን ይሆናል?