ቡሄ፤ የልጆቹ ችቦና የታቦር ብርሃን



በየዓመቱ ነሐሴ 12 ቀን ማታ በጉለሌ፣ በጳውሎስ ሠፈርም ሆነ በሌሎቹ የአዲስ አበባ መንደሮች ችቦ ይበራል። ወንዶች ልጆችም ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ «ሆያ ሆዬ» ይላሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከደጃችን የቆመውን ልጅ «ስለ ምን ትጨፍራለህ?» ብንለው ምን ይመልስልናል? «ለገንዘብ» ቢለን ጥፋቱ የልጁ ነው ወይስ ያላስተማርነው የእኛ? በዚህ ትምህርት የበዓሉን ታሪክና ሕዝባዊ ትውፊቱን ለይተን እንመለከታለን።

ሀ. ወንጌል የሚነግረን

ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ፤ በፊታቸውም መልኩ ተለወጠ። ሙሴና ኤልያስ ታዩ፤ የአብም ድምፅ ከደመናው ተሰማ (ማቴ. 17፥1-9፤ ማር. 9፥2-10፤ ሉቃ. 9፥28-36)። ወንጌላውያኑ የተራራውን ስም አልጻፉልንም፤ ታቦር መሆኑን የተቀበልነው ከአበው ትውፊት ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን የኢየሩሳሌሙ ቅዱስ ቄርሎስ ለጥምቀት ለሚዘጋጁት በሰጠው ትምህርት ታቦርን በስሙ ይጠራዋል። ሙሴና ኤልያስ ከጌታ ጋር የተነጋገሩት በኢየሩሳሌም ስለሚፈጸመው መለየቱ እንደ ነበረ የሚነግረን ግን ቅዱስ ሉቃስ ብቻ ነው። ስለዚህ የታቦር ብርሃን ወደ ቀራንዮ የሚመራ ብርሃን ነው።

ለ. በዓሉ በቤተ ክርስቲያን

በግዕዝ ሥርዓት የምንመራ ካቶሊካውያን ደብረ ታቦርን ነሐሴ 13 ቀን እናከብራለን፤ የላቲን ሥርዓት ተከታዮች ደግሞ ኦገስት 6 ቀን ያከብሩታል። ልዩነቱ የአቆጣጠር ነው፤ ነሐሴ 13 በጥንቱ የጁሊየስ አቆጣጠር ኦገስት 6 ነውና። በዓሉ በምሥራቅ ቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ ለምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንዲሆን የደነገጉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ካሊስቶስ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1457 ነው። ጳጉሜን አምስት በሆነችበት ዓመት ሁለቱን ዕለታት ጨምረን ብንቆጥር፣ ከደብረ ታቦር እስከ መስቀል በዓል 40 ቀን እናገኛለን። ከቡሄ ችቦ እስከ መስቀል ደመራ ያለው መንገድ ቅዱስ ሉቃስ ያመለከተን መንገድ ነው።

ሐ. ሕዝባዊው ትውፊት

ወንጌል ያልጻፈውን ሕዝቡ በራሱ መንገድ ተርኮታል። በዚያች ዕለት በተራራው አካባቢ የነበሩ እረኞች ከብርሃኑ የተነሣ ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው በሜዳ ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይባላል። ችቦውና ሙልሙሉ የዚህ መታሰቢያ ናቸው። የጅራፉ ጩኸት ደቀ መዛሙርቱን በፊታቸው የደፋው የድምፅ ምሳሌ ሆኖ ይተረጎማል። «ቡሄ» የሚለውን ስም አንዳንዶች ከብርሃንና ከገላጣነት፣ ሌሎች ከሊጥ ከ«ቡሆ» ጋር ያያይዙታል። በዓሉ ክረምቱ መላላት በሚጀምርበት ወቅት መዋሉ ለሁለቱም ትርጓሜ ይስማማል።

ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ቡሄ የሚውለው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለ ሆነ ስጦታው የጾም እንጀራ ነው። ሁለተኛ፣ የክርስትና አባትና እናት ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል መስጠት ልማድ ነው፤ በጥምቀት ዕለት የገቡት ቃል በዚህች ትንሽ ዳቦ ይታሰባል።

መ. ከአየርላንድ የምንማረው

በአየርላንድ ከክርስትና በፊት የመከሩን ማብቂያና የክረምቱን መግቢያ የሚያመለክት «ሳውን» የተባለ በዓል ነበር። ሕዝቡ በዚያች ሌሊት የሙታን መናፍስት ይዞራሉ ብሎ ያምን ነበር። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ በዓልን ኖቬምበር 1 ቀን ስታከብር፣ የዋዜማው ምሽት ከዚሁ ጥንታዊ ልማድ ጋር ተገናኘ። ልጆች መልካቸውን ለውጠው በየደጃፉ እየዞሩ ፍራፍሬና ለውዝ ይቀበሉ፣ እሳትም ይነድ ነበር። በየቤቱ «ባርምብራክ» የተባለ ዳቦ ይቆረሳል፤ በውስጡ የተደበቀው ቀለበት የደረሰው በዓመቱ ያገባል ይባላል።

እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በደረሰው ታላቅ ረኃብ የተሰደዱት አየርላንዳውያን ልማዱን ወደ አሜሪካ ይዘውት ሄዱ። በዚያም ቀስ በቀስ የነጋዴዎች ገበያ ሆነ። ዛሬ ጭምብሉንና ከረሜላውን የሚያውቁ፣ የማግሥቱን የቅዱሳን በዓል ግን የማያውቁ ልጆች ብዙ ናቸው። ልማዱ አልጠፋም፤ የጠፋው ምክንያቱ ነው። እኛም ሙልሙሉን በሳንቲም፣ ጅራፉን በርችት ተክተን ዝም ካልን የሚጠብቀን ይኸው ነው።

ሠ. ምን እናድርግ?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ወንጌል ስብከት በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ ሕዝባዊ መንፈሳዊነት ጉድለት ሊኖረው ቢችልም በመልካም ትምህርት ሲመራ ብዙ ሀብት እንዳለው አስገንዝበዋል። እንግዲህ የእረኞቹን ታሪክ ወንጌል ነው ብለን አናስተምር፤ ተረት ነው ብለንም አንጣለው። ትውፊቱን በትውፊትነቱ እንንገር፤ ከዚያም የወንጌሉን ምንባብ እናንብብላቸው። ልጆቹ ከደጃችን ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ሙልሙል ይኑር፤ ስለ ችቦውም ጠይቀን የሚሉትን እናድምጥ። አብ በተራራው ላይ የሰጠው ትእዛዝ ልጁን እንድንሰማ ነውና፣ መስማትን በቤታችን እንጀምር።

ለውይይት

1. ከቡሄ ልማዶች ወንጌል የሚነግረን የትኛውን ነው? ከትውፊት ያገኘነውስ?
2. የታቦር ብርሃን ከጌታ መስቀል ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው?
3. የክርስትና ልጅ ያለን ሰዎች በመጪው ቡሄ ከሙልሙሉ ጋር ምን ልንነግረው እንችላለን?