ዝቅተኛ ከተማና ውኃው፤ የጅቡቲ ምሳሌ

የአንድ ከተማ ምክር ቤት ስለ ፍሳሽ ለመወሰን በተሰበሰበ ጊዜ፣ ከገንዘቡ ልክ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የመሬቱን አቀማመጥ ነው። ውኃ ወደ ዘቀዘቀበት ይወርዳል፤ መሬቱ ካልዘቀዘቀ ግን ባለበት ይቆማል። ለዚህም በምድር ባቡሩ ምክንያት በኢትዮጵያ ነጋዴ ዘንድ ከታወቀችው ከጅቡቲ ከተማ የተሻለ ምሳሌ በቅርብ አይገኝም።

ፈረንሳዮች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ከተማዪቱን ሲቆረቁሩ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቦታውን የመረጡት ለመርከብ መጠጊያነት እንጂ ለፍሳሽ መውረጃ አስበው አልነበረም። ሰርፓንና ሄሮን የሚባሉት ሰፈሮች በመጠኑ ከፍ ይላሉ፤ ሕዝብ የበዛባቸው የቡላዎስ ሰፈሮች ግን ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይል ሜዳ ላይ ተሠርተዋል።

እድፍ ውኃ በቧንቧ ውስጥ ደለል ሳይጥል በራሱ ክብደት እንዲወርድ፣ ቧንቧው በ200 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ አለበት። 1 ኪሎ ሜትር የሄደ ቧንቧ እንግዲህ 5 ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። መሬቱ ራሱ ከባሕር በላይ 5 ሜትር በማይሞላበት ሰፈር፣ ቧንቧው ኪሎ ሜትሩን ሳይጨርስ ከባሕር ወለል በታች ይገባል። ስለዚህ በየመካከሉ ውኃውን በፓምፕ ወደ ላይ መግፋት ግድ ይሆናል። ፓምፕ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ጠባቂ አይሠራም፤ በቆመ ቀን እድፉ የሚወጣው በዝቅተኛው ቤት መጸዳጃ ነው። ቧንቧውን ለመቅበር በጀት ፈቅዶ የፓምፑን የዘወትር ወጪ የረሳ ምክር ቤት ሥራውን ከግማሽ አላሳለፈውም።

ቧንቧ ያልደረሰው ቤት በግቢው ጉድጓድ ይቆፍራል። በዝቅተኛ ሰፈር ግን የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ስለ ሆነ ጉድጓዱ ከላይም ከታችም ይሞላል። ከተማዪቱ ለብዙ ዘመን የጠጣችው ይህንኑ ከምድር የሚቀዳ ውኃ መሆኑ፣ ኮሌራም በ1990ዎቹ ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ መግባቱ ሲታሰብ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከኢትዮጵያ ከአዲጋላ በኩል በረጅም ቧንቧ የሚሄደው ውኃና በዶራሌ በ2021 የተመረቀው የባሕር ውኃ ማጣሪያ ጥሙን ለማቃለል የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ወደ ቤት የገባ ውኃ አብዛኛው እድፍ ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። የመጠጥ ውኃውና የፍሳሹ ሥራ በ2006 ኦኔያድ በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር መጠቃለሉ፣ በአውሮፓ ኅብረት ርዳታም በዱዳ የፍሳሽ ማጣሪያ መሠራቱ በዚህ ረገድ ተገቢ ነበር።

ዝናቡስ? በዓመት በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ለሚዘንብበት አገር የዝናብ ቦይ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። አደጋው ግን ዝናቡ ባንድ ጊዜ መውረዱ ነው። በ1 ሄክታር መሬት ላይ 100 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። በዚህ ላይ ባልባላን ከአሮጌው ከተማ የሚለየው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የአምቡሊ ወንዝ ከድንጋያማው አገር ደራሽ ይዞ ይመጣል። በኤፕሪል 2004 ሰዎችን በሌሊት ደርሶባቸው ከ50 የሚበልጡ ሞቱ። በኖቬምበር 2019 ጎርፍ ሰፈሮቹን እንደገና አጥለቀለቀ፤ ሰውም ሞተ።

ሁለቱን ውኃዎች ባንድ ቧንቧ ማውረድ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን ለደራሽ ጎርፍ የሚበቃ ሰፊ ቧንቧ በሌላው ወራት ጥቂት እድፍ እየተንጠባጠበበት በሐሩሩ ይገማል፤ ለእድፍ የሚበቃው ደግሞ በዝናብ ቀን ይፈነዳል። ስለዚህ መለየታቸው ይሻላል። የተለየው የዝናብ ቦይ የራሱ ችግር አለው፤ ለወራት ደርቆ ሲታይ ሰው ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ያደርገዋል፤ ዝናቡ ሳይገባ ካልተጠረገም ቦይ መሆኑ ይቀራል። መውጫውም ባሕር በሚሞላበት ሰዓት ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ መዝጊያ ያስፈልገዋል።

በ2006 የተመረጠው የከተማ አስተዳደር ራስ ዲካን፣ ቡላዎስንና ባልባላን ያጠቃለለ ነው። ባልባላ ላይ የሚፈቀድ ቤት ሁሉ ውኃውን ወደ ታች ስለሚሰድ ሦስቱ ለየብቻ ሊወስኑ አይችሉም። ከሁሉ የሚከብደው በወንዙ ዳር የሠፈረው ድኻ ጉዳይ ነው። ብዙ ዓመት በደኅና ስለ ኖረ ወንዙ የሞተ ይመስለዋል። ሌላ ቦታ ሳይሰጠው ቢያስነሡት በማግስቱ እዚያው ተመልሶ ይሠራል፤ ዝም ቢሉት ደግሞ ጎርፉ አንድ ሌሊት ይደርስበታል።